ሳይጠሩት አቤት

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፤ ሙሮስ ወደብ ዳር
ሌላው ቤት አልነቃም፣ ከእኛ አዳራሽ በቀር።
ሰርዲኑ በሣጥን፣ በረዶ ለብሶ፣
ወለሉ ውሃ ነው፤ ቦቲው ተለውሶ
በቅርፊት፣ በአሸዋ፣ ይንሸራተታል።
ጨረታው ከወዲያ በጩኸት ይሞቃል።

እኔ ከመስታወት ጀርባ፣ ካርቶን አጣጥፌ
ለወንበሬ አጭር እግር ሥሩን አስደግፌ፣
ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ የሚዛን ቅጽ ልሞላ፣
እሱ ቀድሞኝ ብቅ ይላል፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ጥላ፦

«እንኳን ደህና መጡ! በምን እንጀምር?
የልደት ጥሪ አለ፣ ለሠርግ የሚያምር፣
ለበዓል፣ ለምስጋና፣ ባበባ ያጌጠ…»
ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ከገጼ ላይ ሲሶ ቆርጦ የተቀመጠ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!
ማንን ልዳርልህ? የትኛዋን ሙሽሪት?
ሰርዲኗን ለኦክቶፐስ? ጥሎሹስ ስንት ኪሎ?
ሴቬሪኖ ደጅ ቆሟል፣ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ፣
እጁ በብርድ ቀልቶ፣ ደረሰኙን ሲጠብቅ፤
አንተ አበባ ስትመርጥ፣ አንተ ለብቻህ ስትስቅ።

ጥጉ ላይ ያለችውን ኤክስ እነካለሁ፤ ይሄዳል።
ነገ በማለዳ፣ ምንም እንዳልተባለ፣ ይመጣል።
ደግሞ ይሄዳል። ደግሞ ይመጣል።
ዘጠኝ ዓመት።

ላ ኮሩኛ ደወልሁ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፤
«አብሮ የመጣ ነው፣ ይልመዱት» አሉኝ፣ በትሕትና፣ በትዕግሥት።

አንድ ቀን ወጀብ ሆኖ፣ ጀልባው ሁሉ ታስሮ፣
እርሳሴን ቀርጬ አሰላሁት፣ ሥራ መፍታት መርሮኝ ኖሮ፦
በቀን ስድስት ሴኮንድ፣ በዓመት ሁለት መቶ ሰማንያ ማለዳ፣
በዘጠኝ ሲባዛ፣ ያለበት ጠቅላላ ዕዳ
አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።
ይኸው ነው? አልሁ። በቃ?
ቂሜ ግን ከዚያ በላይ ነበር፤ ቂም በሰዓት አይለካ።

በሐምሌ ኡሺያ መጣች፣ የበረዶ ፋብሪካው ዘበኛ የእህት ልጅ፣
ለሁለት ወር ተቀጥራ፣ ሣጥን ልትቆጥር ከእኔ ደጅ።
ማስቲካዋን እያላመጠች፣ «ዶሪንዳ፣ ለዚች ብለሽ!» አለች፣
መዳፊቱን ከእጄ ነጠቀች።
«መሣሪያዎች። አማራጮች። እይታ።
አየሽ? ‹ሲከፈት ሰሌዳውን አሳይ›፤ ከላይ፣ ከሁሉም ፊት፣ ተኮፍሳ።
ምልክቷን አንሻት።»
አነሣኋት።

የዓሣ ቅርፊት ታክላለች፣ ያቺ ምልክት፤
ዘጠኝ ዓመት ትንኝ ሳባርር፣ ለካ መስኮቱ ነበር ክፍት።
ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርሁ። ለኡሺያ ማስቲካ ገዛሁላት።

በማግሥቱ ገጹ ነጭ፣ ከዳር እስከ ዳር የኔ።
ጻፍሁ፦ ሴቬሪኖ፣ ኦክቶፐስ፣ አርባ አንድ ኪሎ።
ጣቴ ግን ልማዱን አይረሳ፣ ወደ ጥጉ ኮብልሎ
ኤክስ ነካ። ያቺ ኤክስ የሰሌዳው አልነበረችም፣
የቅጹ ነበረች እንጂ። «ይቀመጥ?» ሲለኝ አላነበብሁም፤
እንደ ንዴቴ፣ እንደ ድሮው፣ «አይ!» አልሁ።
አርባ አንዱ ኪሎ ተመልሶ ባሕር ገባ።

ሴቬሪኖ ተራገመ፤ ኮምፒውተሩንም፣ የሠራውንም፣ እኔንም።
ደግመን ስንመዝን ውሃው ተንጠፍጥፎ ሦስት መቶ ግራም ጎደለ፤
ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልሁ። ሲቀበለኝ ግን ሣቅ አለ።

ትራስኖ በየካቲት ሞተ። የማይረባ ሽማግሌ ውሻ፤
የወጥ ቤቱን ደፍ ዘግቶ መተኛት ነበር ሥራው፣ እስከ መጨረሻ።
ስንቴ ሰደብሁት፣ ስንቴ በእግሬ ገፋሁት፣ ድስት ተሸክሜ፣
«ተነሥ፣ አንተ ግንድ!» እያልሁ፣ ከራሱ በላይ ቆሜ።
ማንም አልጠራውም። እሱ ግን ሁሌ አቤት ነበር።

ትናንት ማታ ትኩስ ሾርባ ይዤ ከደፉ ስደርስ
እግሬን ከፍ አድርጌ አነሣሁ፣
በሌለው ውሻ ላይ ተራመድሁ።